ቅዳሜ 1 ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር
(በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የማኅበራችን አባላት፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን በነጻ ለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ዘንድሮ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተጨምረውልናል፣ የወፎች ፖስተርም አሳትመናል። ዝርዝሩን ጸሐፊያችን ያቀርበዋል።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ተማሪዎችን ሐይቁ ዳር ወስደን ወፍ ስለምናሳይበት ፕሮግራም፣ ዓመቱን ሙሉ ስለከነከነኝ ነገር ላውራ።

የሐዋሳ ልጅ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ዓሣ እየበላ፣ አባ ኮዳን እያባረረ ነው የሚያድገው። ግን ትልቅ ወፍ ሁሉ ለእሱ «አሞራ» ነው። ታኅሣሥ ላይ አንዲት የ4ኛ ክፍል ተማሪ ከአባ ኮዳው አንገት የተንጠለጠለውን ከረጢት ትክ ብላ አየችና «ለካ ኮዳው ይሄ ነው!» ብላ ጮኸች። ስሙን ድሮም ታውቀዋለች። ወፉን ያየችው ግን ያን ቀን ነው።

«ክፍል ውስጥ በፕሮጀክተር እናሳያቸው፣ ይቀላል» ብላችሁ ስትከራከሩኝ የከረማችሁ አላችሁ። መቅለሉስ ይቀላል። ግን ዥጉርጉሩ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ውሃው ላይ ክንፉን እያርገበገበ ባለበት ሲቆም፣ ከዚያ ቁልቁል ሲወረወር ፎቶው አያሳይም። እኛም ወፍ የለየነው በአበራረሩና በድምፁ ነው እንጂ በስዕል አይደለም።

የጎደለን ሰው ነው። ፀሐይ ከበረታ ወፎቹ ጥላ ይገባሉ፤ ስለዚህ በ1 ሰዓት መድረስ ግድ ነው። ልጆቹ ይደርሳሉ። የማንደርሰው እኛ ነን። መጋቢት ላይ አንድ ቅዳሜ 30 ልጆች መጡ። ከእኛ በኩል እኔና አንዲት መምህርት ብቻ ነበርን። አቅርቦ የሚያሳየን ባይኖኩላር አንድ ነው፤ ሌሎቹን ሁለት ባይኖኩላሮች አባላት ተውሰው አልመለሱም። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የማትገኘው አረንጓዴዋ በቀቀን ዋርካው ላይ ነበረች። ከኋላ የቆሙት ተራ ሳይደርሳቸው በረረች። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ሌሎቹ አስተማሪዎች ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለኝ። መልስ አጣሁ።

ዛሬም የቀራችሁ አባላት፣ ይሄ ንግግር እንደሚደርሳችሁ አውቃለሁ። መዋጮ አላቋረጣችሁም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከገንዘቡ በላይ እናንተን እፈልጋለሁ። በወር አንድ ቅዳሜ ብቻ። የላቲን ስም ማወቅ አይጠበቅባችሁም። አምስት ልጅ ይዛችሁ «ምንቃሩ ምን ይመስላል? ምን እየበላ ነው?» ብላችሁ መጠየቅ ይበቃል። ባይኖኩላሮቹን የያዛችሁም ለጸሐፊያችን አስረክቡ፤ ለምን ዘገያችሁ የሚላችሁ የለም።

ለመጪው ቅዳሜ ልጆቹ ተመዝግበዋል። የአስጎብኚዎቹ ወረቀት በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ እስካሁን ሁለት ስም ብቻ አለበት። ጉባኤው ተከፍቷል።