ኮፍያው ያረፈበት ቦታ

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ሰላም የሌሊት ሰዎች።

ዛሬ ጋቢና ውስጥ አይደለሁም። የጭነት መኪናዋ ጋራዥ ናት፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ ያው የምታውቁት ነው። ቤት ነኝ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ኮቶች መሀል ተቀምጬ። ጓደኛዬ ባለ አራት ስኳሩ ነው "ልብስ ድምፅ ያፍናል" ያለኝ። እስካሁን ያፈነው እኔን ነው።

ስለ ሃርኒ ካውንቲ ነው የማወራው። አዎ፣ እንደገና። "ከዚያ በረሃ ውጣልን" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ ሰዎች አሁኑኑ መዝጋት ትችላላችሁ፣ አልቀየምም። ትንሽ እቀየማለሁ። ግን አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል። ለባለቤቴ ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ "እና?" አለችኝ። በቃ፣ "እና?" ብቻ። እኔም ያቺን "እና" ይዤ ነው እዚህ ቁም ሳጥን ውስጥ የገባሁት።

አገሩን ታውቁታላችሁ። አሜሪካ፣ ደቡብ ምሥራቅ ኦሪገን፣ 26 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሰባት ሺህ ተኩል የሚሆን ሰው፣ ከሰው የሚበልጥ ከብት። ሌሊት ስታልፉበት መብራት የለም። እማማ ጂፒኤስ እንኳን እዚያ ስትደርስ ዝም ትላለች፣ የምትለው ታጣለች።

እኔ ግን አገሩን የለመድኩት ከመንገዱ ይልቅ በካርታው ነው። መኪና ማቆሚያ ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የድሮ ካርታ እከፍታለሁ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የድሮ ካርታዎቹን በሙሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል። የመሬት ቢሮው የመጀመሪያ የቅየሳ ፕላኖችም አሉ። አንዱን ከፍታችሁ፣ ከላዩ የዛሬውን የሳተላይት ፎቶ ታደርጉና ወደዚህ ወደዚያ ትጎትታላችሁ። ባለ አራት ስኳሩ ኳስ ያያል፣ እኔ ይሄን አያለሁ። ማናችን እንደባስን እናንተ ፍረዱ።

ቅየሳውን ስታዩት ምድሩን ሁሉ እንደ ዳማ ሰሌዳ ነው የሸነሸኑት። ስድስት ማይል በስድስት ማይል፣ ውስጡ 36 ካሬ፣ እያንዳንዱ 640 ኤከር። ይሄን የለኩት ሰዎች ሰንሰለት ይዘው በእግራቸው ነው የሄዱት። አንዱ ሰንሰለት 66 ጫማ ነው፣ 80 ጊዜ ሲጎተት አንድ ማይል ይሆናል። እየሄዱ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አፈሩ ምን ዓይነት ነው፣ ወንዙ ስንት ሰንሰለት ላይ ተገኘ፣ ሴጅብረሽ ቁጥቋጦ አለ። እኔ እነዚህን ማስታወሻዎች በጣም ነው የምወዳቸው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። ደግሞ ብዙዎቹ ቀያሾች ኮንትራት ወስደው የሚከፈላቸው በማይል ነበር። እሱን ያዙልኝ፣ በማይል። እኔም በማይል ነው የሚከፈለኝ፣ ስለዚህ አውቀዋለሁ። በማይል የሚከፈለው ሰው ቆሞ "እዚህ ማን ይኖር ነበር?" ብሎ አይጠይቅም።

ቆይ፣ ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ካትሎው ሸለቆን ላንሳ፣ ካልሆነ እረሳዋለሁ። በ1909 አንድ ሕግ ወጣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ መቀነስ የምትፈልጉ ራሳችሁ ቀንሱ። ሕጉ ደረቅ መሬት ላይ ለሚሰፍር ሰው 320 ኤከር ይሰጣል። ሰው ጎረፈ። ብሊትዘን የምትባል መንደር ሳትቀር ተቆረቆረች። በእነዚህ ካርታዎች ላይ ቤት ማለት ትንሽ ጥቁር ካሬ ነው። ካሬው ላይ ባንዲራ ካለ ትምህርት ቤት ነው። ያቺ ባንዲራ አንጀቴን ትበላዋለች። ዝናቡ እንደተባለው አልሆነም፣ ሰዎቹ እየጣሉ ሄዱ። ዛሬ ሳተላይቱ ላይ የባንዲራዋን ቦታ ብታጎሉት ቁጥቋጦ ነው። በቃ ቁጥቋጦ። መምህሯ፣ ልጆቹ፣ የጥቁር ሰሌዳው ጠመኔ... እሺ፣ ይሄ ሌላ ክፍል ይሆናል።

አሁን ነገሬ። በርንስ ስደርስ የማራገፊያ ሰዓቴ አልደረሰም ነበር። በርንስ የካውንቲው ዋና ከተማ ናት፣ ከተማ ካልናት። ላይብረሪው ውስጥ ለአካባቢው ታሪክ ብቻ የተለየ ክፍል አለ። ገባሁ። አንድ ሽማግሌ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የ1870ዎቹ የኦሪገን ካርታ ኮፒ ነው። ሰማንያውን ያለፉ ይመስላሉ፣ ግን እጃቸው የሠራተኛ እጅ ነው። የአውራ ጣታቸው ጫፍ የለም። ከብት ሲጠልፉ ገመዱ ኮርቻው ላይ ሲጠመጠም ጣት ይዞ ይሄዳል፣ እዚያ አገር የተለመደ ነው። ካርታውን ሰረቅ አድርጌ ሳይ "ና፣ ቁጭ በል" አሉኝ። ከየት መጣህ እንኳን አላሉኝም! ሁልጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው አይደል? እሳቸው ግን "የጭነት መኪናው ያንተ ነው?" ነው ያሉኝ። ወዲያው ወደድኳቸው።

ከዚያ በዚያች በጎደለች ጣታቸው የማልየር ሐይቅን ዙሪያ ያሳዩኝ ጀመር። ቀያሾቹ ሐይቅ ሲያጋጥማቸው ጠርዙን ተከትለው መስመር ያሰምራሉ። ችግሩ ይሄ ሐይቅ መቀመጫ የለውም። በ1934 ጭራሽ ደርቋል፣ በ1980ዎቹ ደግሞ ሞልቶ መንገድና ራንች አጥለቅልቋል። እንግዲህ ለእንደዚህ ዓይነት ሐይቅ ነው ጠርዝ ያሰመሩለት። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት የማን ነው? ጥቁር አፈር፣ ሣር የሚያበቅል፣ ከብት አርቢ የሚሞትለት መሬት ነው።

ሞቱለትም። ፒተር ፍሬንች የሚባል ሰው በ1872 ከካሊፎርኒያ ከብት እየነዳ መጣ፣ 1,200 ገደማ። ቀስ በቀስ ሸለቆውን ሁሉ ያዘው። የዚያን ጊዜ ረግረግ መሬት በርካሽ ይሸጥ ነበር። አንዳንዱ ደረቁ መሬት ረግረግ ነው እንዲባልለት ጀልባ ጋሪ ላይ ጭኖ ደረቅ መሬት ካቋረጠ በኋላ "በጀልባ ነው ያለፍኩት" ብሎ ይምል ነበር ይባላል። [ሳቅ] የኛ ሰው ይሄን ቢሰማ ባለቤትነቱን ይጠይቅበታል። ለማንኛውም ፍሬንች ከሐይቁ ዳር ከሰፈሩት ጋር ሲካሰስ ኖረ። በ1897፣ በፈረንጅ ገና ማግስት፣ ኤድ ኦሊቨር የሚባል ሰፋሪ በጥይት ገደለው። ዳኞቹ ኦሊቨርን ነፃ ለቀቁት። የፍሬንች ኩባንያ ክርክሩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰደው፣ በ1902 ተረታ። ሽማግሌው ይሄን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ይበራል። ወገናቸው ከሰፋሪዎቹ ነው። "እቺ መስመር ናት ያበላችን" ይላሉ፣ ጣታቸው መስመሩ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል።

እዚህ ጋ ነው።

ከሐይቁ በላይ፣ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ፣ ካርታው ላይ ሌላ ድንበር አለ። ትልቅ ነው። ውስጡ "የማልየር ኢንዲያን ሪዘርቬሽን" ተብሎ ተጽፏል፣ ለነባሩ ሕዝብ የተከለለ መሬት ማለት ነው። እኔ አየሁት። ዓይኔ እዚያ ሄደ። ጣቴን ወደዚያ ላደርግ ስል፣ ላደርግ ነበር ወይስ አሁን ነው ላደርግ ነበር የምለው? ብቻ እጄ ተነሳ። እሳቸው ኮፍያቸውን አወለቁ። ዙሪያው ላብ የበላው ግራጫ ኮፍያ። አወለቁና ካርታው ላይ አስቀመጡት። ጽሑፉ ላይ። ልክ ጽሑፉ ላይ።

ከዚያ ስለ መስመሩ ቀጠሉ።

በቃ፣ ይሄው ነው ታሪኩ። አውቃለሁ። "እና?"

ግን ስሙኝ። ጠረጴዛው ሰፊ ነበር። በግራ በኩል ባዶ ነው፣ የኔ ቡና ብቻ ነው ያለው፣ ባይፈቀድም። ወንበርም ነበር። ሰው ኮፍያውን ካርታ ላይ ያስቀምጣል? ካርታ እያነበበ? በሌላ በኩል ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፣ ሞቋቸው ይሆናል፣ ሰው ኮፍያውን የሚያስቀምጠው እጁ ባደረሰው ቦታ ነው። ሐይቁ ላይ እንዳያስቀምጡት ሐይቁን እያሳዩኝ ነው። ታዲያ የት ያስቀምጡት? ይሄን ስል እርግጠኛ እሆናለሁ፣ ምንም አልነበረም እላለሁ። ከዚያ ያቺ እጄ ትዝ ትለኛለች። እጄን አይተዋታል። እንዳዩ አውቃለሁ። ወይም... አላውቅም።

የተሸፈነው ምን እንደሆነ ታውቁ ዘንድ፦ ሪዘርቬሽኑን በ1872 ፕሬዝዳንት ግራንት በትእዛዝ ነው ያቋቋሙት። ፍሬንች ከብቱን ይዞ የገባበት ያው ዓመት። ለሰሜን ፓይዩት ሕዝብ ነበር። በ1878 የባኖክ ጦርነት የሚባለው መጣ፣ የባኖክ ጎሳ ከአሜሪካ ጦር ጋር የተዋጋበት። ጦርነቱ ውስጥ ያልገቡ ፓይዩቶች ብዙ ነበሩ፣ ግን ማን ለየ። በጥር 1879፣ በዚያ በረዶ፣ ከአምስት መቶ በላይ ሰው ወደ ያኪማ ተነዳ። ዛሬ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ነው። ያንን መንገድ እኔ የጎማ ሰንሰለት አስሬ፣ ማሞቂያ ከፍቼ እየተሳደብኩ ነው የምሄደው። እናቶች ሕፃን ይዘው። ሕፃናት መንገድ ላይ ሞተዋል። ሣራ ዊነሙካ፣ አስተርጓሚ የነበረችው የፓይዩት ሴት፣ ይሄን በ1883 በመጽሐፍ ጽፋዋለች።

ከዚያ መሬቱ ለሰፋሪና ለከብት ተከፈተ። በኋላ የወጡትን ካርታዎች በተራ ስታዩ ድንበሩ የለም። የተሰረዘበት ምልክት እንኳን የለም። ዳማው ብቻ ቀጥሏል።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ያ የሐይቅ ዳር ነው። እነዚህ ሰዎች፣ የፓይዩት ወገን የሆኑት ዋዳቲካዎቹ፣ ዋዳ የምትባል ተክል ነበረቻቸው፣ ጥቃቅን ፍሬ ያላት። እሷን የሚለቅሙት ሐይቁ ዳር ነው። ልብ በሉ፣ ሐይቁ ዳር! ጠበቃ የተከራከረበት፣ ፍሬንች የተገደለበት ጠርዝ፣ ለነሱ እህል የሚለቀምበት ነበር። ቀያሹ ደብተር ላይ ግን ሣርና ረግረግ ነው የሚጻፈው። ፍሬ መልቀም በሰንሰለት አይለካማ።

በ1969 ለተወሰደው መሬት ካሣ ተብሎ ለያንዳንዱ ሰው የደረሰው 741 ዶላር ነው። እኔ ባለፈው ለጎማ ከፍያለሁ ከዚህ የበለጠ።

እሺ፣ ተናደድኩ። አልፈልግም ነበር መናደድ።

ምክንያቱም ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም። ምሳ ጋበዙኝ። እሺ፣ ይሄ ምንም አያረጋግጥም፣ አውቃለሁ። በ2016 የታጠቁ ሰዎች መጥተው እዚያው ሐይቁ ጋ ያለውን የመንግሥት የወፎች መጠለያ 41 ቀን ሲይዙ፣ ያው "መሬቱ ለአርቢው ይመለስ" ሲሉ፣ እሳቸው "ማን ጠራቸው?" ነው ያሉኝ። የሐይቁን ወለል ጉዳይ ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1935 ጨርሶታል፣ ከኦሪገን ጋር ተከራክሮ የፌዴራል መንግሥቱ ነው የወሰደው። ያኔ ክርክሩ ላይ መንግሥትና መንግሥት ነበሩ። የበርንስ ፓይዩቶች ደግሞ እዚያው ከተማው ጥግ ላይ ይኖራሉ፣ ዛሬም፣ ላይብረሪው ድረስ በመኪና ደቂቃዎች ነው። ሽማግሌው እነሱን አንድም ጊዜ አላነሱም። እኔም አላነሳሁም። እንግዳ ነኝ አልኩ በልቤ። የሰው ቤት ገብቼ... ግን የማን ቤት?

"ባዶ መሬት ነበር" ሲሉኝ ደግሞ፣ ምሳ ላይ ነው ያሉት፣ አንድ የሆነ ነገር ሽው አለብኝ። ይሄን አባባል አገር ቤትም ሰምቼዋለሁ፣ በአማርኛ፣ ከምወዳቸው ሰዎች አፍ። ከብት ነድቶ የሚያልፍ ሰው ያለበትን ምድር "ባዶ ነው" ሲሉ። ወደሱ አልገባም። ዛሬ አልገባም፣ ኮሜንቱን ማንበብ አልችልም።

ስንለያይ ስልካቸውን ሰጡኝ። ግንቦት ላይ ጥጆች ምልክት የሚደረግባቸው ጊዜ ነው፣ "ና፣ እጅ ያስፈልገናል" አሉኝ። እኔ በግ እንኳን ይዤ አላውቅም። ባለ አራት ስኳሩ "እንሂድ" እያለ ነው፣ እሱ ስጋው ነው የታየው። መሄድ እፈልጋለሁ። እውነት ለመናገር በጣም ነው የምፈልገው፣ ያንን አገር ከታርጋና ከነዳጅ ማደያ ውጪ ማየት። ግን ሄጄ፣ ጥጃ ይዤ፣ ቡናቸውን ጠጥቼ፣ ከዚያ ልጠይቃቸው ነው? በምን አፍ? ካልጠየቅኩ ደግሞ ለምን እሄዳለሁ፣ ለስጋ?

ባለቤቴ "ካርታውን ይዘህላቸው ሂድ" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። አትምልኝ ነው፣ አንጠልጥልላቸው ነው? ስጠይቃት ተኝታለች።

ምናልባት ደውዬ የመንገዱን ሁኔታ ልጠይቃቸው፣ እንደ ሰበብ። የዘንድሮው ውሃ እንዴት ነው፣ ሐይቁ የት ደርሷል፣ እንደዚህ እንደዚህ። ከዚያ ወሬው ወደወሰደን... ወይም አልደውልም። ግንቦት ገና ነው። መኪናዋም ከጋራዥ አልወጣች። እስኪ...