በፊዚክስ መምህራችን የጡረታ ሽኝት ላይ የቀረበ ንግግር

ክቡር ርእሰ መምህር፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከሁሉ በላይ ዛሬ የምንሸኛቸው መምህራችን፣

እንደምን አረፈዳችሁ። ምስጋና ሲበዛባቸው ዓይናቸው ወደ በሩ መሄድ እንደሚጀምር ስለማውቅ፣ በተማሪነቴም ሆነ በባልደረባነቴ ካየሁት ጥቂቱን ብቻ እናገራለሁ።

9ኛ ክፍል ሳለን ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደሚፈላ በቃላችን ይዘን ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ከቤታቸው ባመጡት የከሰል ምድጃ ላይ ውሃ ጣዱና ቴርሞሜትሩን ለተማሪ ሰጡ። ውሃው እየተንተከተከ ንባቡ 92 አካባቢ ላይ ቆመ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብለን ጮኽን፤ እሳቸው ምንም ሳይመልሱ ሁለተኛ ቴርሞሜትር አወጡ፤ እሱም ያንኑ አነበበ። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ስለዚህም ውሃው ሙቀቱ 100 ሳይደርስ ይፈላል። እናቶቻችን ባቄላ ለመቀቀል ያን ያህል ማገዶ የሚፈጁበት ምክንያት የገባን ያን ዕለት ነው።

ከዚያ በኋላ ለማንኛውም መልሳችን «ለክታችሁታል ወይ?» የሚለው ጥያቄያቸው አይቀርም ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የፕላዝማ ትምህርት ሲገባ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ጠይቆ መልሳችንን ሳይጠብቅ ሲያልፍ፣ እሳቸው ጥግ ቆመው ያልገባንን በማስታወሻ ይይዙልን ነበር። መብራት ሲጠፋ ሌላው ክፍል በጩኸት ሲናጥ፣ የእኛ ክፍል ክርና ጠጠር ያወጣል። ጠጠሩን በክሩ አንጠልጥለን ስናወዛውዘው፣ ክሩ 25 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ጠጠሩ ሄዶ ለመመለስ አንድ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ አንድ ሜትር ስናደርገው ግን የጠበቅነው አራት ሰከንድ ሳይሆን ሁለት ብቻ ሆነ። አንዱን ውዝዋዜ እንዳናምን፣ 20 ቆጥረን ለ20 እንድናካፍል ያስተማሩን በእጅ ሰዓታቸው ነው።

ጥብቅ ነበሩ። አንድ ጊዜ ቁጥሩን በትክክል አግኝቼ «ሜትር» የሚለውን ስላልጻፍኩ ዜሮ ሰጥተውኛል፤ ልክ ነበሩ ለማለት ዛሬም አልደፍርም፤ እኔም ግን ለተማሪዎቼ ያንኑ እሰጣለሁ።

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ ደግሞ በከተማችን ላይ ያልፋል። መምህራችን የሠፈሩን ልጆች አራርቀው ካቆሙ በኋላ፣ ፀሐይን ቀና ብለው እንዳያዩ አስጠንቅቀው፣ ከዛፍ ሥር ነጭ ነጠላ አነጠፉ። በቅጠሎቹ መካከል ሾልኮ የሚያልፈው ብርሃን መጀመሪያ ማጭድ፣ ቀጥሎ ቀለበት እየሆነ ነጠላውን ሞላው፤ ሕፃናቱም ፀሐይን በእጃቸው ሊቀልቡ ተሻሙ። (ነጠላው የባለቤታቸው የክት ልብስ እንደነበር ኋላ ሰምተናል፤ እትዬ፣ ዛሬ በሁላችንም ስም ይቅርታ እንጠይቃለን።)

መምህራችን፣ ባለፈው ሳምንት የቤተ ሙከራውን ቁልፍ ሲያስረክቡኝ ሁለቱን ቴርሞሜትሮች በጨርቅ ጠቅልለው አብረው ሰጥተውኛል። በመስከረም አዲሶቹ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ውሃ ያፈላሉ፤ ተበላሽቷል ብለው መጮኻቸውም አይቀርም። ያን ዕለት መጥተው ከኋላ ወንበር እንዲቀመጡልን በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ። ከሰሉን እኔ አመጣለሁ።

አመሰግናለሁ።