ኢቮ-ዴቮን በማስተርስና በፒኤችዲ መማር፦ መጀመሪያ እንስሳውን ምረጡ

(ምስል፦ በማይክሮስኮፕ የሚታይ የአይጥ ፅንስ)

በ2016 ተመራማሪዎች ከአይጥ ዲኤንኤ ላይ አንዲት አጭር ቁራጭ አወጡ። በቦታዋ ከፓይተን እባብ የተገኘችውን አቻዋን ተኩ። ጂን አልነኩም፤ የተቀየረችው ያቺ ቁራጭ ብቻ ናት። አይጦቹ ተወለዱ። እግር ሊኖር በሚገባው ቦታ ግን ጉቶ ነበር።

በዚህ አላበቁም። የዓሣንም ቁራጭ ሞከሩ፤ የሰውንም ሞከሩ። በሁለቱም አይጦቹ ደህና እግር አወጡ። ጉዳዩ ያለው እባቡ ጋ ነው ማለት ነው። ቀረብ ብለው ሲያዩት ከእባቡ ቁራጭ ላይ 17 የዲኤንኤ ፊደላት ጎድለዋል። እነዚያን መልሰው ሞሉ። እግሩ መጣ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቀው ሳይንስ የዝግመተ ለውጥና የፅንስ ዕድገት ባዮሎጂ ነው። ተማሪውም መምህሩም በአጭሩ ኢቮ-ዴቮ ይለዋል። የዛሬው ቪዲዮ በድህረ ምረቃ ደረጃ ሊማሩት ለሚያስቡ ነው።

(ምስል፦ ረጅም የዲኤንኤ መስመር፤ በአንዱ ጫፍ ጂኑ፣ በሌላው ጫፍ ቁራጯ)

ቁራጯ ራሷ ጂን አይደለችም። የጂን ማብሪያ ማጥፊያ ናት። የምታበራው ጂን ሶኒክ ሄጅሆግ ይባላል። አዎ፣ የቪዲዮ ጌሙ ገጸ ባህሪ ስም ነው፤ የዘርፉ ሰዎች ስም ሲያወጡ ጨዋታ ይወዳሉ። በማብሪያውና በጂኑ መካከል 1 ሚሊዮን የሚጠጉ ፊደላት አሉ።

ይኸው ጂን አንጎል ሲሠራም ይፈለጋል፤ ኅብለ ሰረሰር ሲሠራም ይፈለጋል። ጂኑ ራሱ ከተበላሸ ፅንሱ በሕይወት አይቆይም። የእግሩ ማብሪያ ከተበላሸ ግን የሚጎዳው የእግሩ ሥራ ነው። ሌላው ሥራ ይቀጥላል። እባብ እግሩን ያጣበትን መንገድ በከፊል የምናየው እዚህ ላይ ነው። የሰውነት ቅርጽ ሲለወጥ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ጂኑ ሳይሆን፣ ጂኑ የሚበራበት ቦታና ሰዓት ነው። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ፤ የዘርፉ ግማሽ ክርክር እሱ ላይ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ልለፈው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ የዝግመተ ለውጥ ሰዎችና የፅንስ ሰዎች የተኳረፉ ያህል ነበር። እነዚያ የጂን ስርጭትን በሒሳብ ያሰላሉ። እነዚህ እንቁላል ላይ አጎንብሰው ይውላሉ። ያስታረቃቸው ዝንብ ነው። ኤድዋርድ ሉዊስ የፍራፍሬ ዝንብ የትኛው ክፍሏ ምን እንደሚሆን የሚወስኑ ጂኖችን ዕድሜውን ሙሉ አጠና። በ1984 በእነዚህ ጂኖች ውስጥ የሚደጋገም አንድ የጋራ ቅደም ተከተል ይፋ ሆነ፤ ሆሚዮቦክስ ይባላል። ዝንብ ላይ ብቻ ቢቀር ማንም አይገረምም ነበር። አይጥም ላይ አለ፤ ሰውም ላይ አለ። በ1995 ሉዊስ፣ ክርስቲያን ኒስላይን-ፎልሃርትና ኤሪክ ዊሻውስ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

እንግዲህ ተማሪው ሁለቱንም ቋንቋ መናገር አለበት። ከአንዱ ወገን የዘር ሐረግ ዛፍ መሥራትና ማንበብ፣ የተፈጥሮ ምርጫን ማስላት። ከሌላው ወገን ፅንስ ማርባት፣ ማቅለም፣ ጂን መቁረጥ። ሁለቱን እኩል የሚያስተምር ፕሮግራም ብዙ የለም። ዲግሪው ላይም ብዙውን ጊዜ "ኢቮ-ዴቮ" ተብሎ አይጻፍም። ባዮሎጂ፣ ዘረመል ወይም ሥነ እንስሳት ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ በፕሮግራም ስም ብቻ የሚፈልግ ሰው ጥሩ ጥሩውን ላብ (ላቦራቶሪ ማለቴ ነው) ሳያየው ያልፋል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ ከዩኒቨርሲቲው ስም በፊት እንስሳውን ምረጡ። ተክልም ሊሆን ይችላል። ቀጣዮቹን ዓመታት እንዴት እንደምታሳልፉ የሚወስነው እሱ ነው።

(ምስል፦ የፍራፍሬ ዝንብ፣ ዚብራ ዓሣ፣ ስቲክልባክ፣ የዋሻ ዓሣ፣ በየተራ)

የፍራፍሬ ዝንብን እንውሰድ። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ከእንቁላል እስከ ሙሉ ዝንብ 10 ቀን ገደማ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የተከማቸ መሣሪያ አላት። የፈለጋችሁትን ጂን በፈለጋችሁት ቦታ ማብራት ትችላላችሁ። ግን ዝንብ የነፍሳት ሁሉ ወኪል አይደለችም። የሰውነቷ ክፍልፋዮች በአንድ ጊዜ ማለት ይቻላል ይከፋፈላሉ። ብዙ ነፍሳት ደግሞ ከኋላ በኩል አንድ በአንድ እየጨመሩ ነው የሚሠሩት። ዝንብን ብቻ አይቶ ስለ ነፍሳት መናገር አደጋ አለው።

ዚብራ ዓሣ ፅንሱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ከእናቱ ሆድ ውጭ ነው የሚያድገው። በ24 ሰዓት ውስጥ የሰውነቱ መሠረታዊ ቅርጽ ይታያል። ለመራባት ግን 3 ወር ገደማ ይፈልጋል። አንድ ሚውቴሽን፣ ማለትም የዲኤንኤ ለውጥ፣ ወደ ልጅ ልጅ ለማድረስ ስንት ወር እንደሚሄድ ቁጭ ብላችሁ አስሉት። አይጥ ላይ ሲደርስ ፅንሱ እናቱ ማህፀን ውስጥ ነው፤ ወጪውም የሥነ ምግባር ፈቃዱም ይከብዳል።

አሁን ልቤ ያለበት ቦታ ደረስን። ስቲክልባክ የምትባል ትንሽ ዓሣ አለች። በባሕር የምትኖረው ከሆዷ በኩል እሾህ አላት። የበረዶ ዘመን ሲያበቃ ሐይቅ ውስጥ ከቀሩት መካከል ብዙዎቹ ያንን እሾህ አጥተዋል። የተመራማሪው የዴቪድ ኪንግስሊ ላብ ምክንያቱን ሲያሳድድ ፒትክስ1 የሚባል ጂን ላይ ደረሰ። ጂኑ ደህና ነው። የጠፋው የእሾሁ ማብሪያ ነው። በተለያዩ ሐይቆች፣ በየራሳቸው ጊዜ፣ ይኸው ማብሪያ ተቆርጦ ወድቋል። የባሕሯንና የሐይቋን ዓሣ ማዳቀል ይቻላል፤ ስለዚህ ጂኑን እስከ ቦታው ድረስ መከታተል ይቻላል። ዝንብ ይህን ዕድል እንዲህ በቀላሉ አትሰጥም።

የሜክሲኮ የዋሻ ዓሣም እንደዚያው ነው። ዓይን የለውም እንላለን እንጂ ፅንሱ ዓይን መሥራት ይጀምራል፤ ከዚያ የዓይኑ ሌንስ ይሞትና ሁሉም ነገር ይከስማል። በ2000 ዮሺዩኪ ያማሞቶና ዊልያም ጄፍሪ ብርሃን ውስጥ ከሚኖረው ዘመዱ ፅንስ ሌንስ ወስደው ለዋሻው ዓሣ ተከሉለት። ዓይን አደገ። ዓይኑን ለመሥራት የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር አሁንም እዚያ አለ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ሙከራ ለማሰብ ጥያቄውን የሚመጥን እንስሳ ማግኘት ግድ ነው።

ያልተለመደ እንስሳ መምረጥ ግን ዋጋ አለው። ጂኖሙ፣ ማለትም ሙሉ ዲኤንኤው፣ ገና ያልተነበበ ሊሆን ይችላል። ማቅለሚያው ላይሠራለት ይችላል። በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ የሚራባ ከሆነ፣ አንድ ሙከራ ሲበላሽ እስከ ከርሞ መጠበቅ ነው። በቃ፣ አንድ ዓመት ሄደ። ክሪስፐር የተባለው የጂን መቁረጫ መሣሪያ ከመጣ ወዲህ ነገሩ ተሻሽሏል። ለምሳሌ ፓርሃይሌ የተባለው የሸርጣን ዘመድ ዓመቱን ሙሉ ይራባል። በ2016 ጂኖቹን በክሪስፐር በመቁረጥ አንዱ የእግር ዓይነት ወደ ሌላ የእግር ዓይነት ሲቀየር ታይቷል።

(ምስል፦ ወይን ጠጅ ቀለም የበራበት ፅንስ)

አሁን ደግሞ ተማሪ የሚፈተንበት ነገር። ፅንሱን አቅልማችሁ አንድ ጂን የት እንደሚሠራ ታያላችሁ። ምስሉ ያምራል። ሁለት ዝርያ ጎን ለጎን ታስቀምጣላችሁ፤ አንዱ ላይ ቀለሙ አለ፣ ሌላው ላይ የለም። "ይኸው ምክንያቱ!" ትላላችሁ። ፈታኙ እዚህ ላይ ነው የሚይዛችሁ። ቀለሙ ጂኑ እዚያ መኖሩን እንጂ ለውጡን ማምጣቱን አያሳይም። አጥፍታችሁ ማየት አለባችሁ። በሌለበት ቦታ አብርታችሁ ማየት አለባችሁ። ከተቻለ እንደ እባቡና አይጡ መቀያየር ነው። ደግሞም ሁለት ዝርያ ብቻ ካነጻጸራችሁ የቱ እንደተቀየረ አታውቁም። ከሁለቱ ውጭ ያለ ሦስተኛ ዘመድ ያስፈልጋል።

አንድ የታወቀ ሙከራ ልጨምር። በ1995 የቫልተር ጌሪንግ ላብ አይለስ የተባለውን ጂን የዝንብ እግርና ክንፍ ላይ አበራ። እዚያ ቦታ ላይ ዓይን በቀለ። የአይጡን አቻ ጂን ዝንብ ውስጥ ሲያስገቡትም ዓይን በቀለ፤ የዝንብ ዓይን፣ የአይጥ አይደለም። ታዲያ የዝንብና የአይጥ የጋራ ቅድመ አያት ዓይን ነበረው? ወይስ ብርሃን የሚለይ ጥቂት ሴል ብቻ ነበረው? ይህን ጥያቄ በፒኤችዲ ማጣሪያ ፈተና ላይ ብትጠየቁ አይግረማችሁ። "አዎ" ወይም "የለም" ብሎ የሚመልስ ሰው አይወደድም።

ስለ አገባቡ ብዙ አልቆይም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያመለክቱት ለዲፓርትመንት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ላቦችን እየዞሩ ይሞክራሉ፤ ከዚያ አንዱን ይመርጣሉ፤ 5 ወይም 6 ዓመት ይወስዳል። አውሮፓ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ይቀድማል። ፒኤችዲው ለአንድ ላብ፣ ለአንድ ፕሮጀክት ነው፤ 3 ወይም 4 ዓመት። አውሮፓ ላብ ዞሮ የመሞከር ዕድሉ ያነሰ ስለሆነ፣ የእንስሳው ጉዳይ እዚያ ይበልጥ ወሳኝ ነው። ፕሮግራሚንግ ከማመልከታችሁ በፊት ጀምሩ፤ አር ወይም ፓይተን የሚባሉት የኮምፒውተር ቋንቋዎች፣ የቱም ይሁን። የእያንዳንዱን ሴል የጂን ሥራ የሚያነቡት ዘዴዎች ከመጡ ወዲህ ከማይክሮስኮፑ ይልቅ ኮምፒውተሩ ፊት የሚውለው ተማሪ በዝቷል።

ብዙ እንስሳ በአንድ ጊዜ ማየት ለሚፈልግ የባሕር ምርምር ጣቢያዎች አሉ። ማሳቹሴትስ፣ ዉድስ ሆል የሚገኘው የባሕር ባዮሎጂ ላቦራቶሪ የፅንስ ኮርሱን ከ1893 ጀምሮ ያስተምራል። ጣሊያን፣ ኔፕልስ ያለው ጣቢያ በ1872 ነው የተመሠረተው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለጥቂት ሳምንታት ከቁንጫ የማይበልጥ ፅንስ ላይ ማጎንበስ፣ ለዚህ ሥራ ትዕግሥት እንዳላችሁ ቶሎ ያሳያችኋል።

(ምስል፦ ባዶ የኢሜይል ገጽ)

ለአማካሪ ኢሜይል ስትጽፉ "ሥራዎ ይማርከኛል" ብቻ አትበሉ። የትኛውን እንስሳ፣ ለየትኛው ጥያቄ እንደምትፈልጉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። መልስ ከመጣ ደግሞ ከላቡ ተማሪዎች ጋር ለብቻ ተነጋገሩ። ፅንስ በዓመት ስንት ወር ታገኛላችሁ? ክሪስፐር እናንተ ጋ ይሠራል ወይስ ገና እየተሞከረ ነው? ቅዳሜና እሑድ እንስሳቱን የሚመግበው ማን ነው? የመጨረሻውን ጥያቄ እንዳትረሱት። ብዙ ጊዜ መልሱ "አዲሱ ተማሪ" ነው።