አጋዘንን በሜዳ ላይ በቀስት ማደን፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ከሲዩ ፎልስ የደወሉ አድማጭ፦ በጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ ተቀምጬ አድኜ አውቃለሁ። በሴፕቴምበር በምዕራብ ሳውዝ ዳኮታ ወዳለው የሣር ሜዳ፣ ወደ ባፋሎ ጋፕ ግራስላንድ ልሄድ ነው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ አጋዘን እንዴት ይቀረባል?

መልስ፦ ሜዳው ከሩቅ ጠፍጣፋ ይመስላል እንጂ በቦረቦር የተከፋፈለ ነው፤ ሚዩል ዲር የሚባለው ትልቅ ጆሮ ያለው የአጋዘን ዓይነት የሚተኛውም እዚያ ውስጥ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከፍ ያለ ቦታ ይያዙና መነጽርዎን በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አስረው ይቃኙ። ሲግጥ ቢያዩት አይነሡ። የሚንቀሳቀስ አጋዘንን በእግር መከተል ከንቱ ድካም ነው። ከተኛም በኋላ ይታገሡ፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጥላውን ስትወስድበት ተነሥቶ ቦታ ይለውጣል። ረጅም ሰዓት የሚቆየው በዚህ በሁለተኛው መኝታው ስለሆነ ጉዞ የሚጀመረው ያኔ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚተኛው ከገደሉ አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ነው። ከኋላው የሚመጣውን በአፍንጫው፣ ከፊቱ ያለውን በዓይኑ ይጠብቃል። ስለዚህ ነፋሱ ከጎን እየነፈሰ፣ ከበላዩ በኩል ይቅረቡት። ከመነሣትዎ በፊት የተኛበትን ቦታ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በአጠገቡም አንድ የተለየ ድንጋይ ወይም ቁጥቋጦ ይምረጡ። ዞረው በወዲያ በኩል ሲደርሱ ቦታው ፈጽሞ ሌላ ይመስላል፤ ብዙ አዳኝ ሳያስበው አጋዘኑን የሚያስበረግገው በዚህ ምክንያት ነው።

የመጨረሻው 100 ያርድ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አይደነቁ። ጫማዎን አውልቀው በወፍራም ካልሲ ይሂዱ፤ የጉልበት መከላከያና የቆዳ ጓንት ያድርጉ። ሣሩ ውስጥ እሾሃማ ቁልቋል አለ፤ በሞቃት ቀን ራትልስኔክ የሚባለው መርዘኛ እባብም አይጠፋም። ነፋስ ሣሩን ሲያንኮሻኩሽ ይራመዱ፣ ሲያርፍ ይቁሙ። ደርሰው ገና ተኝቶ ካገኙት እንዲነሣልዎ ድንጋይ አይወርውሩ፤ ደንግጦ የተነሣ አጋዘን ለፍላጻ ጊዜ አይሰጥም። በራሱ ጊዜ ሲነሣ ግን ይንጠራራና ይቆማል። ቀስቱን የሚስቡት ራሱን ሲያዞር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አጎራባቹ ባድላንድስ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ማደን ክልክል ነው። የግል መሬትም በየመሃሉ ስላለ የወሰን ካርታ ስልክዎ ላይ ይጫኑ።

ከዴንቨር፦ ከስንት ያርድ መተኮስ ይቻላል?

መልስ፦ ተንበርክከው፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ በሚያድኑበት ባለ ምላጭ ጫፍ ፍላጻ ሁሉንም 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሰሀን ላይ የሚያሳርፉበት ርቀት ነው ወሰንዎ፤ ከዚያ አይለፉ። ርቀት መለኪያው ከፊት ያለውን ሣር ለክቶ እንዳያሳስትዎ በአጋዘኑ አጠገብ ያለውን ባዶ አፈር ይለኩ። አጋዘኑ ጎኑን ሰጥቶ ሲቆም የፊት እግሩን መስመር ተከትለው ወደ ላይ፣ የሰውነቱ ሲሶ ላይ ያነጣጥሩ። ፊት ለፊት ከቆመ ይተዉት።

ከኦማሃ፦ ከመታሁት በኋላ ወዲያው ልከተለው?

መልስ፦ አይከተሉ። እስኪሰወር ድረስ በመነጽር ይዩትና ፍላጻውን ይመርምሩ። አረፋ ያለው ደማቅ ደም የሳንባ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ጠቆር ያለ ቀይ ደም የጉበት ነው፤ 4 ሰዓት ይበቃል። የሚሸት አረንጓዴ ነገር ከታየ አንጀት ነው፤ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያስፈልጋል። ቶሎ ከነኩት ተነሥቶ ይሄዳል፤ ያ እንስሳም በከንቱ ይሰቃያል።

ከሚኒያፖሊስ፦ ሥጋውን ክትፎ ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ጥሬውን አይብሉ፤ ለብለብም አይበቃም። የዱር ሥጋ ቶክሶፕላዝማና ኢ. ኮላይ ሊይዝ ስለሚችል ውስጡ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ይብሰል። በምዕራብ ሳውዝ ዳኮታ አጋዘኖች ላይ ደግሞ ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የተባለ በሽታ አለ፤ መንሥኤውን ምግብ ማብሰል አያጠፋውም። ወደ ሰው መተላለፉ እስካሁን አልታየም፤ ሆኖም በምርመራ የተገኘበት ሥጋ እንዳይበላ የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል (ሲ.ዲ.ሲ.) ይመክራል። ጓንት አድርገው ይበልቱ፣ አከርካሪውን አይሰንጥቁ፣ ናሙና አስመርምሩ። ሴፕቴምበር ሞቃት ስለሆነ ቆዳውን ቶሎ ገፈው ሥጋውን በበረዶ ሣጥን ያስገቡ፤ ውኃው ሥጋውን እንዳይነካ እያፈሰሱ። ሞራው አፍ ላይ ስለሚረጋ ነቅለው ይጣሉት፤ ጥብሱን በቅቤ ያብስሉ። ውጤቱ እስኪመጣ ግን ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ።