ፊልሙ ተመልካቹን እስኪያገኝ፦ ለተማሪዎች የአጭር ፊልም ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ሥራ የፈቀዳችሁ ወላጆች፣ የትምህርት ቤት ክበባትን የምትመሩ መምህራን፣ ቤታችሁንና ደጃችሁን ለቀረጻ የከፈታችሁልን የየካ አባዶ ነዋሪዎች፣ የእድር ዳኞች፣ ክቡራትና ክቡራን፦

ከሁሉ አስቀድሜ በሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴውና በራሴ ስም እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ እላለሁ። የሥራ ሪፖርቱንና የሒሳብ መግለጫውን ጸሐፊያችንና ሒሳብ ሹማችን በየተራቸው ስለሚያቀርቡ እኔ ወደዚያ አልገባም። የተሰጠኝን ጊዜ ኮሚቴው ዓመቱን ሙሉ ሲመክርበት ለቆየው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ማዋል እፈልጋለሁ፤ እርሱም ልጆቻችን የሚሠሯቸው አጫጭር ፊልሞች ተመልካች ዘንድ ስለሚደርሱበት መንገድ ነው።

በዚህ በከተማዋ ዳርቻ አንድ አጭር ፊልም ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ እዚህ ለተሰበሰብን መንገር አያስፈልግም። ቀረጻው ቅዳሜና እሑድ ነው፤ ካሜራው የውሰት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሥራውን አቁሞ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ታልፎ ኤዲቲንጉ ሲያልቅ ግን ሠሪዎቹ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ተሰብስበው ያዩታል፣ ተቃቅፈው ይደሰታሉ፣ ከዚያም ፊልሙ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ይቀራል፤ ወይም በዚያው ሌሊት ዩቲዩብ ላይ ይጫንና ከዘመድ ወዳጅ በቀር ሌላ ሰው ሳያየው ይረሳል። ከእነዚህ ፊልሞች መካከል በየትም አገር መድረክ ቢቀርቡ የማያሳፍሩ እንዳሉ ስለማውቅ፣ ይህ ዕጣቸው ከልብ ያሳዝነኛል።

ኮሚቴው የደረሰበት ድምዳሜ ይህ ነው፤ ፊልምን የማስተዋወቅ ሥራ ስክሪፕቱ በሚጸድቅበት ዕለት መጀመር አለበት። ብዙው ነገር የሚወሰነው ያኔ ነውና። የፊልሙን ርዝመት ብቻ እንኳ ብንወስድ፣ በፈረንሳይ የሚካሄደው የካን ፊልም ፌስቲቫል በአጭር ፊልም ውድድሩ ከ15 ደቂቃ በላይ የሆነ ሥራ አይቀበልም፤ በአጭር ፊልም ብቻ ስሙን የተከለው ሌላው የፈረንሳይ ፌስቲቫል ክሌርሞን ፌራን ደግሞ እስከ 40 ደቂቃ ይፈቅዳል። ይህን ሳያውቅ የ20 ደቂቃ ታሪክ የጻፈ ተማሪ፣ በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ተቀምጦ አምስቱን ደቂቃ ልቁረጥ ቢል ታሪኩ ይፈርስበታል። ፎቶግራፉም እንዲሁ ነው። ፖስተር የሚሠራበት፣ ጋዜጠኛ የሚጠይቀው፣ ከማመልከቻ ጋር የሚያያዘው ጥርት ያለ ፎቶ በቀረጻው ቀን ካልተነሳ ተዋንያኑን እንደገና ሰብስቦ፣ ያንኑ ልብስ አስለብሶ ማንሳት የሚሳካለት የለም። ስለዚህ በየቀረጻው አንድ ተማሪ ሌላ ኃላፊነት ሳይሰጠው ፎቶ ብቻ እንዲያነሳ እንጠይቃለን።

ከሁሉ በላይ ግን የማሳስበው ስለ ድምፅ ነው፤ ምስሉ የደበዘዘ ፊልም በትዕግሥት ሊታይ ይችላል፣ ንግግሩ የማይሰማ ፊልም ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ በኋላ የሚያየው አይኖርም። ባለፈው በጋ ከአባሎቻችን አንዱ ቡድን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ስለሚኖሩ አያትና ውሃ በጀሪካን ስለሚያመላልስላቸው የልጅ ልጃቸው የ11 ደቂቃ ፊልም ሠርቶ ነበር። አያቲቱ ስኒ እያጠቡ «ውሃው መጣ እንዴ?» የሚሉበት ትዕይንት የፊልሙ ልብ ነው፤ ሆኖም ከሕንፃው ሥር ያለው ወፍጮ ቤት የአያቲቱን ድምፅ ዋጠው። ተማሪዎቹ ወፍጮው ከተዘጋ በኋላ በምሽት ተመልሰው፣ መስኮቱን በጋቢ ሸፍነው፣ አያቲቱን እዚያው ወንበር ላይ አስቀምጠው ንግግሩን እንደገና ቀረጹ። ከዚያም ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ ቀዱ፤ ያ ጸጥታ ከሥር ባይነጠፍ ኖሮ አዲሱ ድምፅ ከአሮጌው ጋር ሲገጣጠም ስፌቱ ይታወቅ ነበር። ይህ አሠራር ለሁላችንም ትምህርት እንዲሆን በዝርዝር ማቅረቤ ነው። በነገራችን ላይ፣ ቤት ውስጥ በፍሎረሰንት መብራት የምትቀርጹ ልጆች የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ መሆኑን አስታውሱና ካሜራችሁን በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሻተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ ደግሞ 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ አለዚያ ምስሉ ይርገበገባል።

ሙዚቃን በተመለከተ አቋማችን ጥብቅ ነው። የታወቀ ዘፈን ያለ ፈቃድ ከፊልም ሥር ማስገባት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ተጠያቂነትን ያስከትላል፤ የፌስቲቫል ማመልከቻዎችም የሙዚቃው መብት የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። በየሠፈራችን ማሲንቆና ክራር የሚጫወቱ ወጣቶች ሞልተዋል፤ ከእነርሱ ጋር በአንድ ገጽ የጽሑፍ ስምምነት መሥራት ፊልሙንም ሙዚቀኛውንም ይጠቅማል።

ክቡራትና ክቡራን፣ ፊልምን ወደ ተመልካች የማድረስ ነገር ሲነሳ የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን አርአያነት ሳላነሳ አላልፍም። እርሳቸውም የጀመሩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ በሠሯቸው አጫጭር ፊልሞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጡ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊት ስለነሱት፣ ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ የየከተማውን ጥቁር ማኅበረሰብ እያስተባበሩ ፊልሙን ከከተማ ወደ ከተማ አዞሩት፤ ሕዝቡም ተሰልፎ አየው። ያን ያህል ሥራና ስም የነበራቸው ሰው ተመልካቻቸውን በእግራቸው ሄደው ከፈለጉ፣ እኛ ዩቲዩብ ላይ ጭነን ተመልካች በራሱ ይመጣል ብለን መጠበቃችን ትክክል አይደለም። ከእኛ አገር የሄዱ አጫጭር ፊልሞች የዓለም መድረክ ላይ እንደሚደርሱም በቅርብ ዓመታት ታይቷል፤ የሕይወት አድማሱ አጭር ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል፣ የቤዛ ኃይሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በካን የሃያስያን ሳምንት ቀርበዋል።

ለውጭ ፌስቲቫል የሚላክ ፊልም በሚገባ የታረመ የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ የእንግሊዝኛ መምህራኖቻችን በዚህ እንዲያግዙን ከአሁኑ እማጸናለሁ። አንዳንድ ፌስቲቫሎች በኢንተርኔት የተለቀቀን ፊልም ስለማይቀበሉ፣ መልሳቸው እስኪመጣ ዩቲዩቡ ቢታገሥ ይሻላል። በቴሌግራምና በቲክቶክ ሠላሳ ሰከንድ የማትሞላ ቅንጫቢ መልቀቅ ግን ፍላጎት ይቀሰቅሳል እንጂ አይጎዳም። የማመልከቻ ክፍያ በዶላር የሚጠይቁም አሉ፤ ለተማሪዎች ክፍያውን እንዲያስቀሩ በአክብሮት መጻፍ የተለመደ ነውና ልጆቻችን አይፈሩ።

የመጀመሪያው ተመልካች ግን እዚሁ ሠፈራችን ውስጥ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የጀሪካኑ ፊልም ከመጠናቀቁ በፊት በኮሚናሉ ውስጥ፣ ከእድር በተዋስናቸው ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ በተወጠረ ነጭ አንሶላ ታይቷል። ሲያበቃ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጁ ጀሪካኑን ይዞ አራት ፎቅ ሲወጣ አንዴም አያርፍም፤ ሳያርፍ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ተማሪዎቹ ልጁ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጀሪካኑን አስቀምጦ እጁን የሚያፍታታበትን ሾት ቀርጸው ነበር፤ ያዘገያል ብለው ቆርጠው ጥለውት ኖሯል። መልሰው አስገቡት፤ ፊልሙም ትንፋሽ አገኘ። እንዲህ ያለ አስተያየት ከየትኛውም የፌስቲቫል ዳኛ አይገኝም፤ ቤታቸውን ለቀረጻ የሰጡን ሰዎችም ፊልሙን ከማንም በፊት የማየት መብት አላቸው።

በእጃችሁ ባለው ጥራዝ መጨረሻ ላይ የተያያዘው የውሳኔ ረቂቅ ከዚህ የመነጨ ነው። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ለማኅበሩ ድጋፍ የሚቀርብ ስክሪፕት ሁሉ፣ ፊልሙን ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚታይና ለዚህ ምን ያህል ገንዘብ እንደተያዘ የሚገልጽ አንድ ገጽ አብሮት እንዲቀርብ፤ የተጠናቀቀው ፊልም በቅድሚያ በተቀረጸበት ሠፈር እንዲታይ፤ አንድ ቅጂም በማኅበሩ እንዲቀመጥ ይጠይቃል። አንዳንድ አባላት ይህ ለተማሪ ሸክም ይበዛል የሚል ሥጋት እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ ሥጋታችሁን ከሻይ እረፍት በኋላ በሚደረገው ውይይት በግልጽ እንድታቀርቡ፣ ረቂቁም ከዚያ በኋላ ድምፅ እንዲሰጥበት ኮሚቴው ወስኗል።

ጉባኤው መከፈቱን እያበሰርሁ፣ ጸሐፊያችን የሥራ ሪፖርቱን እንዲያቀርቡ በአክብሮት እጋብዛለሁ። አመሰግናለሁ።