ግጥምና ዜማ፦ ቴዎድሮስ ካሳሁን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ጎረቤቴ ቤት እያሳደሰ ስለሆነ መዶሻ ከሰማችሁ እሱ ነው፤ ለምኜው ነበር፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጨርሳለን» ብሎኛል። አልጨረሱም።

ስለ ቴዲ አፍሮ ላወራ ነው። ቆይ፣ አትዝጉት። ፖለቲካውን ልተነትን አይደለም። ትንሽ መነካካቱ አይቀርም፤ ቴዲን አንስቶ ፖለቲካ ሳይነኩ ማለፍ የት ይቻላል? ግን እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ድምፁ ወይም አቋሙ ሳይሆን ጸሐፊነቱ ነው።

ካሴት የገዛ ሰው ያውቀዋል። የኛ አገር ካሴት ውስጥ ያለችው ወረቀት ላይ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር የሚጻፈው፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ። ድምፃዊው ሌላ ሰው ነው። ነውር የለበትም፣ ሙያው ሲሠራበት የኖረው እንደዚያ ነው። በ1993 «አቡጊዳ» ሲወጣ ካሴቱን የገዛው ታላቅ ወንድሜ ነበር። እሱ ሲጨፍርበት እኔ ወረቀቷን አነብ ነበር፤ ግጥምና ዜማ የሚለው ላይ የዘፋኙን የራሱን ስም ሳይ ደነቀኝ። ኋላ ነው አባቱ ካሳሁን ገርማሞ የዘፈን ግጥም ደራሲ፣ እናቱ ጥላዬ አራጌ ደግሞ ተወዛዋዥ እንደነበሩ የሰማሁት። ቤቱ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልበል፣ አድናቂዎቹ እንዳትቀየሙኝ። ቴዲ የጥላሁን ዓይነት ድምፅ የለውም። ጥላሁን ያለ ማይክ አዳራሽ ይሞላ ነበር ይባላል፤ ቴዲ እንደዚያ አይደለም። የሱ ኃይል ታሪክ መንገር ላይ ነው። ስለዚህ በኮንሰርት ላየው ስመኝም እፈራ ነበር። የሚነገር ነገር በስታዲየም ይሰማል ወይ?

ደግሞ እሱን ማየት ቀላል አልነበረም። «ኢትዮጵያ» አልበም በሚያዝያ 2009 ወጣ፣ በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፣ ታክሲ ውስጥም ዳቦ ቤትም እሱ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ሊደረግ የነበረውን የምረቃ ዝግጅት ፖሊስ ፈቃድ የላችሁም ብሎ አስቆመው። የዘመን መለወጫው ኮንሰርትም ቀረ። እንግዲህ ባሕር ዳር ተፈቀደ ሲባል፣ እሑድ ጥር 13፣ 2010 ሲባል፣ ማን ይቀራል?

ቀኑን አስተውሉ። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ሰው ሁሉ ጎንደር ወርዷል፣ አውቶቡስ የለም፣ ባሕር ዳር አልጋ የለም። እኛ ከአዲስ አበባ የተነሣነው ጥር 12 ሌሊት ነው፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ነጋልን፣ ዓባይን ወርደን ደጀን ስንወጣ መንገዱ ነጭ በነጭ ሆነ። የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን ነው። ሹፌሩ ሦስት አራት ቦታ ሞተር አጥፍቶ ታቦት አሳለፈ፣ እኛም ወርደን እልል አልን። አውቶቡሱ ውስጥ ግማሹ ሰው ወደ ኮንሰርት እንደሚሄድ ያወቅሁት ደብረ ማርቆስ ምሳ ላይ ነው፤ ሁሉም ተደባብቆ ነበር መሰለኝ፣ አንዱ ቲሸርቱን ሲያሳይ ሌላውም ጃኬቱን ከፈተ።

ባሕር ዳር ስንገባ ወሬው ደረሰን። በዚያው ቀን ወልድያ ላይ፣ በቃና ዘገሊላ፣ ታቦት ሊሸኙ የወጡ ሰዎች በጸጥታ ኃይሎች ጥይት ተገድለዋል። እራት የበላንበት ቤት ጸጥ አለ። ኮንሰርቱ ይቀራል ያለ ነበር፣ መቅረት አለበት ያለም ነበር። አብራኝ የመጣችው ልጅ አልሄድም ብላ ቆረጠች፤ አልሄደችምም። እኔ ሄድኩ። እስከ ዛሬ ስናነሣው አንስማማም፣ ልክ ናትም አልላትም፣ ልክ ነኝም አልልም።

ስታዲየሙ ያኔ ገና ያላለቀ ነው፤ ባዶ ኮንክሪት፣ ከሃምሳ ሺህ ሰው በላይ እንዲይዝ የታሰበ። ከቀትር ጀምሮ ሰልፍ ነው። ፍተሻ፣ ግፊያ፣ ልሙጡ ባንዲራ በየትከሻው፣ ፊት ቀቢዎች በየሜዳው። ውስጥ ስገባ መሬቱ ላይ ቦታ አላገኘሁም፤ ወደ ላይ ደረጃው ላይ ወጣሁ። መድረኩ ከዚያ ሲታይ የክብሪት ቀፎ ያህል ነው።

ቴዲ ሲወጣ... ምን ልበላችሁ፣ አላየሁትም። ሰው ሁሉ ቆመ። ጩኸቱ ካለፈ በኋላ ነው አንዲት ትንሽ ነገር ስትንቀሳቀስ ያየሁት። ድምፁም ችግር ነበረበት፤ ከድምፅ ማጉያው የወጣው ኮንክሪቱን መትቶ ዘግይቶ ይመለሳል፣ አንዱን ስንኝ ሁለቴ ነው የምትሰማው። በዚያ ላይ ሕዝቡ ይዘፍናል። ሁሉንም! አዝማቹን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ከኋላዬ ያለው ልጅ ደግሞ ዜማ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። በእውነት ተናድጄ ነበር። ይህን ያህል መንገድ የመጣሁት ይህን ልጅ ልሰማ ነው እንዴ?

አጠገቤ አንድ ጋሼ ነበሩ። ስልሳ ሳይሞላቸው አይቀርም፣ ጋቢ ለብሰዋል፣ ልጃቸው ጎትቶ እንዳመጣቸው ነገሩኝ። ግማሹን ዘፈን አያውቁትም፤ በጨዋ ደንብ ያጨበጭባሉ። ከዚያ «ማር እስከ ጧፍ» ጀመረ። ታውቁታላችሁ፣ ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህንና የሰብለወንጌልን ፍቅር ይዞ የሠራው ነው። ጋሼ ብድግ አሉ። «ይቺን አውቃታለሁ» አሉኝ። መጽሐፉን አንብበውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ኧረ እኔ! ወጋየሁ ነዋ ያነበበልኝ፣ በሬዲዮ» አሉ። ወጋየሁ ንጋቱን ማለታቸው ነው፤ የሱን ትረካ የሰማ ሰው በዛብህን በሱ ድምፅ ነው የሚያስበው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ዘፈኑ እየሄደ፣ «በዛብህ እኮ የማንኩሳ ልጅ ነው፤ እኔም ከዚያ ብዙ አልርቅም» አሉኝ። የዘመድ ልጅ የሚነግሩኝ ነው የሚመስለው። «ያቺን ልጅ ከለከሉት» አሉ፤ ተቆጥተው! በ1958 በታተመ ልቦለድ!

እኔ ያንን ዘፈን አዲስ አበባ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ፣ ግጥሙን ስፈትሽ ነው የከረምኩት። እዚህ ቃል ላይ እንዲህ አደረገ፣ እዚያ ቤት ገጠመ እያልኩ። ጎጃም ውስጥ ግን ዘፈኑ ለማያውቁት ሰው የሚተረክ ታሪክ አልነበረም። ሕዝቡ ሰዎቹን ያውቃቸዋል። ቴዲ ስማቸውን ሲጠራ ጩኸቱ የሚነሣው ለቴዲ ብቻ አልነበረም፤ ለሰብለም ነበር። ብዙ የማብራራት ሸክም ያልነበረበት ለዚህ ነው፤ መጽሐፉም ሬዲዮውም ቀድመው ሠርተውለታል፣ እሱ የት ላይ እንደሚነካ ማወቅ ብቻ ነበረበት። የዘፈን ጸሐፊ ሥራ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ትንሽ የገባኝ ይመስለኛል። ከኋላዬ ያለው ልጅም አሁንም ከዜማ ውጭ ነው፤ ግን ያኔ እኔም ከዜማ ውጭ ነበርኩ፣ ጋሼም።

የቀረውን ብዙ አልዘረዝርም። «ጥቁር ሰው» ሲመጣ ስታዲየሙ ሊፈርስ ነበር፣ እሱን መገመት ትችላላችሁ። ከ«አቡጊዳ» ስጠብቃት የነበረችው፣ ዝግ ያለችዋ፣ አልተዘፈነችም። እስከ መጨረሻው ጠብቄያለሁ፤ ዛሬም ያናድደኛል። ስንወጣ ባጃጅ የሚባል የለም፣ ያለውም ዋጋውን ሦስት እጥፍ ይጠራል፣ በእግር ነው የገባነው።

በኋላ ቪዲዮዎቹን በዩቲዩብ አየኋቸው። ድምፁ ከስታዲየሙ ይሻላል፣ ፊቱም ይታያል። ያቺ ያልሄደችው ጓደኛዬ «እኔ ካንቺ በደንብ አይቼዋለሁ» ትለኛለች፤ ማየቱንስ አይታለች።

በሚቀጥለው ዝግጅት ስለ ወጋየሁ ትረካ ለማውራት አስቤያለሁ። በልጅነታችሁ በሬዲዮ የሰማችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ ሲያወሩ የሰማችሁ ካላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፤ አጭር ይሁን፣ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከነመዶሻው ቻው።