የጎርፍ ቦይ ጥያቄ ከሰፈር እስከ ምክር ቤት ውሳኔ፦ ቋሚ ኮሚቴ እንዴት ይሠራል?

[ምስል፦ ደሴ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የሚወርድ መንገድ። ደለል የሞላው ቦይ።]

ተራኪ፦ ደሴ ላይ ጎርፍ በመጣ ቁጥር ከንቲባው ይወቀሳል። የከተማውን በጀት የሚያጸድቀው ግን ምክር ቤቱ ነው። ጉዳዩ የሚፈተሸውም ጉባኤው ከመቀመጡ በፊት፣ ከምክር ቤቱ አባላት በተዋቀረ ቋሚ ኮሚቴ ነው።

«ቦያችን ተደፍኗል» የሚል አቤቱታ ብቻውን አጀንዳ አይሆንም። የሰፈሩ ተመራጭ የምክር ቤት አባል ቦታውን፣ ችግሩ የጀመረበትን ጊዜና የተጎዱትን ቤቶች ጽፎ ለኮሚቴው ያቀርባል። ኮሚቴው ቼክሊስት አዘጋጅቶ ለመስክ ምልከታ ይወጣል።

[ምስል፦ የኮሚቴ አባላት ቦይ በሜትር ሲለኩ።]

ቼክሊስቱ «ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ» ብቻ ካለ ባይወጡ ይሻላል። ከየት እስከ የት? ስንት ሜትር? ደለሉ የቦዩን ጥልቀት ምን ያህል ይዞታል? ከሁሉ በላይ ክፍያው ከሥራው ጋር ይነጻጸር። ሥራው 50 በመቶ ላይ ቆሞ ክፍያው 80 በመቶ ከደረሰ፣ የግብረ መልሱ የመጀመሪያ መስመር ይኸው ነው። የተጠረገው ደለል የት እንደተደፋም ይታይ፤ ዳር ላይ ከተከመረ ቀጣዩ ዝናብ ወደ ቦዩ ይመልሰዋል፣ የተረፈውን የቦርከና ወንዝ ወደ ኮምቦልቻ ይዞት ይወርዳል። አስፈጻሚው አሳምሮ ያዘጋጀውን ቦታ ብቻ አይቶ መመለስ የቆየ በሽታ ነው። መድኃኒቱ ቦታውን ኮሚቴው ራሱ መምረጡ ነው።

ኮሚቴው ሥራ ተቋራጩን አያዝም። ግብረ መልሱን ሥራውን ለሚያስፈጽመው ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ይሰጣል፣ ለምክር ቤቱም ሪፖርት ያቀርባል።

[ምስል፦ የቀን መቁጠሪያ፣ ሐምሌ 1።]

ብዙ ጥያቄ የሚከሽፈው በጊዜ ነው። በጀት ዓመቱና ክረምቱ የሚገቡት አብረው ነው። ሐምሌ ላይ በጸደቀው ገንዘብ ጨረታ ወጥቶ ውል እስኪታሰር ዝናቡ ያልፋል። ስለዚህ ለ2019 ክረምት የሚደርስ ቦይ በ2018 ሐምሌ በሚጀምረው በጀት ውስጥ መግባት አለበት። ጥያቄው የሚቀርበው ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ በበጋ ነው፤ ቦዩ ደርቆ ማንም ትዝ በማይለው ሰዓት።

[ምስል፦ የጉባኤ አዳራሽ።]

ጉባኤው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ምልዓተ ጉባኤ ይሟላል፤ ውሳኔው በተገኙት አብላጫ ድምፅ ያልፋል። 100 አባላት ቢኖሩ 51 ሲገኙ ጉባኤው ይካሄዳል፣ 26 ድምፅም ይወስናል። ከምሳ በኋላ አዳራሹ ይሳሳል፤ አፈ ጉባኤው ድምፅ ከማሰጠቱ በፊት ዳግም ያስቆጥር። ድጋፍ፣ ተቃውሞና ድምፀ ተአቅቦ በቁጥር ይመዝገቡ።

[ምስል፦ ቃለ ጉባኤ በቅርበት።]

ቃለ ጉባኤው ላይ «በትኩረት ይሠራበት» ተብሎ ከተጻፈ ማንም አይጠየቅም። ፈጻሚው ማን ነው፣ ምን ይሠራል፣ እስከ መቼ? «እስከ ግንቦት 30 ተጠርጎ፣ ደለሉ ተነሥቶ ለኮሚቴው በጽሑፍ ይገለጽ» ይባል። ሰኔ 1 ቀን ኮሚቴው ደብዳቤውን ይዞ እዚያው ቦይ ላይ ይገኛል።